የሰው ትንፋሽ ቆጣቢው

በዚያ ሆስፒታል ውስጥ እንደ እሱ ሥራውን አክብሮ፣ እንደ እሱ ሰውን ንቆ የኖረ አልነበረም። የኦክስጅን ክፍል ኃላፊ ነው። ኃላፊ ሲባል የሚመራው ሰው አለ ማለት አይደለም፤ የሚመራው ከግቢው ጀርባ በቆርቆሮ ጥላ ሥር በሰንሰለት ታስረው የቆሙትን ሲሊንደሮች ነው። መልስ ስለማይሰጡት ይመስለኛል ከሰው አብልጦ የሚወዳቸው። ጽዳቶቹ ጉዳይ ሲኖራቸው «ኢንጂነር» ይሉታል። ዞር ሲል ግን ከዘበኛው እስከ ነርሶቹ ድረስ ለሁሉም ስሙ አንድ ነው፤ ዘጊው።

ስሙን በላቡ ነው ያገኘው። ነጭ ጋዋን ለብሶ፣ መፍቻውን በእጁ አንጠልጥሎ በየክፍሉ ይዞራል። ጋዋኑን ልበስ ያለው የለም፤ ራሱ ገዝቶ ነው። አስታማሚዎች ሐኪም መስሏቸው ብድግ ሲሉ «ተቀመጡ፣ ተቀመጡ» ይላል እንጂ ሐኪም አይደለሁም ብሎ አያውቅም። አልጋ ጋ ሲደርስ የበሽተኛውን ፊት አያይም። የሚያየው ጣቱ ላይ የተሰካችውን መሣሪያና እሷ ላይ የሚበራውን የደም ኦክስጅን ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከዘጠና በላይ ከሆነ በእሱ ቤት ያ ሰው ድኗል። ድኖ ኦክስጅን የሚስብ ሰው ደግሞ ሌባ ነው።

«አየሩ በነፃ ሞልቶ ተርፎ ሳለ ሲሊንደር ይመጥጡብኛል» ይላል፤ ሲሊንደሮቹን ከአባቱ የወረሳቸው ይመስል።

ድሮ ድሮ ቫልቩን በግልጽ ነበር የሚዘጋው። ማስኩ ጭጭ ሲል አስታማሚው ይጮኻል፣ ነርሷ ትሮጣለች፣ ጭቅጭቅ ይነሳል። በኋላ ግን ማደባለቂያ የሚባሉ ዕቃዎች መጡ። በአንድ በኩል ከሲሊንደሩ ኦክስጅን፣ በሌላ በኩል ከኮምፕሬሰሩ ተራ አየር ይገባቸዋል፤ ሐኪሙ ባዘዘው መጠን አደባልቀው ወደ ማስኩ ይልካሉ። ፊታቸው ላይ ክብ ማዞሪያ አለ። ወደ ላይ ጥግ ሲደርስ ንጹህ ኦክስጅን፣ ወደ ታች ጥግ ሲደርስ እኔም እናንተም መንገድ ላይ የምንተነፍሰው አየር ይወጣል። ስለ ዕቃዎቹ ሥልጠና ተሰጥቶ ነበር። ዘጊው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲያንቀላፋ ቆይቶ አሠልጣኙ ማዞሪያውን ማዞር ሲጀምር ነቃ። ያቺ ለእሱ በቂ ነበረች። ማዞሪያው ታች ጥግ ደርሶም ማስኩ ሽሽሽ ማለቱን አያቆምም፤ ከማስኩ ሥር የተንጠለጠለው ከረጢትም እንደተነፋ ነው። አስታማሚው ይረጋጋል፣ ነርሷ አልፋ ትሄዳለች፣ ሲሊንደሩ አይነካም። ዘጊው በዕድሜው አንድ ነገር ፈጠረ ከተባለ ይህቺው ናት፤ እሷም ማታለል ናት።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው። ጠዋት የሐኪሞቹ ዙር እንዳለፈ ገባ ብሎ የመረጣቸውን ያወርዳል፤ በማግስቱ ማለዳ፣ ከዙሩ በፊት፣ ወደ ላይ ይመልሳል። ነርሶቹ በየፈረቃው ቁጥሩንና ከረጢቱን አይተው ያልፋሉ። ማስኩ ሽሽሽ እያለ፣ ቁጥሩም ጥሩ ሆኖ ሳለ ከራስጌው ጀርባ ጎንበስ ብሎ ማዞሪያ የሚያይ ማን አለ? የኦክስጅኑ ፍጆታ ሲቀንስ አስተዳደሩ እንዴት ቀነሰ ብሎ አልጠየቀም። ስብሰባ ጠርቶ አጨበጨበለት እንጂ። «አርአያ የሚሆን ሠራተኛ» ተብሎ የምስክር ወረቀት ተሰጠው፤ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ከሠርጉ ፎቶ ከፍ አድርጎ ሰቀለው። ዕድልም ከእሱ ጋር ነበረች። ያወረደባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ወደ ቤታቸው ሊሄዱ የተቃረቡ ነበሩና የጎላ ነገር አልደረሰባቸውም፤ የደረሰበት ካለም ጠይቆ ያወቀ የለም። እሱ ግን ዕድሉን ዕውቀት አድርጎ ያዘው።

ሚስቱ ዝም ብላ የምትኖር ሴት ናት። ዝምታዋን እንደ አድናቆት ነው የሚቆጥረው። በዚህ ዓለም ላይ አፏን ሞልታ የምትናገርለት ሰው ታናሽ ወንድሟ ብቻ ነው። እናታቸው የሞተችው እሱ ገና ድክ ድክ ሲል ስለነበር ያሳደገችው እሷ ናት፤ እህቴም እናቴም ይላታል። ባሏ ቤት ስትገባም ይዛው ገባች። አሁን ጓሮ ያለችው ክፍል ውስጥ ይኖራል፤ ቀጭን፣ የበሩን ጉበን ጎንበስ ሳይል የማያልፍ፣ ሰፈሩ ሁሉ ረጅሙ የሚለው ሰው። ሥራው የእግር ኳስ ዳኝነት ነው። ለዘጊው ይህ ሥራ አይደለም። «ፊሽካ አንጠልጥሎ ከልጅ ጋር የሚሯሯጥ ጎልማሳ» ይላል በምግብ ሰዓት፣ ረጅሙ ፊቱ ተቀምጦ እየሰማ። ረጅሙ ይስቃል። ጋሼ የሚቀልድ ይመስለዋል። ሜዳ ላይ ደግሞ ለጓደኞቹ «ጋሼ ሆስፒታል ነው፤ ስንት ሰው በእሱ እጅ ይተነፍሳል መሰላችሁ» እያለ ይኮራበታል።

በዚያው ሰሞን ለረጅሙ ትልቅ ነገር መጣለት። ለላይኛው ሊግ ዳኝነት ተመረጠ፤ የቀረው የሩጫ ፈተና ብቻ ነው። እህቱ ጥቁሩን የዳኛ ልብስ ራሷ አጥባ፣ ተኩሳ፣ ሳሎን ሰቀለችው። ዘጊው ልብሱ የምስክር ወረቀቱን እንዳይሸፍነው ትንሽ ገፋ አደረገው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ረጅሙ የሰፈር ጨዋታ ሲያጫውት ቀኝ ደረቱን በጩቤ እንደወጉት ያህል ውግት አደረገው። ጎኑን በእጁ ይዞ ጨዋታውን አስጨረሰ። ቤት ገብቶ ልተኛ ቢል ትንፋሹ አጠረው። እህቱ እጁን ጎትታ ሆስፒታል ወሰደችው። ራጅ ሲነሳ ቀኝ ሳንባው በከፊል ተኮማትሮ ተገኘ። ዘጊው ወሬውን ሲሰማ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ፊሽካ ነፍቶ ነፍቶ ያፈነዳው ነው» አለ፤ የራሱ ቀልድ ለራሱ ጣመው።

የሳንባ ሐኪሟ ድምጿ ለስለስ ያለ፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ራጁን ወደ መስኮቱ አንስታ ለሁለቱም አሳየቻቸው። ዘጊውም እንደ ቤተሰብም እንደ ባለሙያም ሆኖ በሩ ጋ እጁን አጣምሮ ቆሟል።

«ኦክስጅን እናደርግለታለን» አለች ሐኪሟ።

የእህቱ ፊት አመድ መሰለ። «ዶክተር፣ ኦክስጅን የሚደረገው ለሚያጣጥር ሰው አይደለም እንዴ? እንዲህ ነው የባሰበት?»

«አይደለም የኔ እናት። ትንፋሹ ደህና ነው። እዩት፣ ቁጥሩ ዘጠና ስድስት ነው። ኦክስጅኑን የምሰጠው ለትንፋሹ ብዬ አይደለም። ከሳንባው አምልጦ የወጣ አየር ጎድኑና ሳንባው መሃል ተቀምጧል፤ ሳንባውን የተጫነው እሱ ነው። ያ አየር አብዛኛው ናይትሮጅን ነው። ደሙም በናይትሮጅን የተሞላ ስለሆነ ቶሎ አይወስደውም። ሰው የሞላ አውቶቡስ በሉት፤ የተሳፈሩት ካልወረዱ ሌላ አይጭንም። በማስኩ ንጹህ ኦክስጅን ሲተነፍስ ደሙ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን እየወጣ ያልቃል። አውቶቡሱ ባዶ ይሆናል። ያኔ ደሙ ያንን አየር ከደረቱ እየጫነ ይወስደዋል፣ ሳንባውም ቦታ አግኝቶ ይዘረጋል።»

«ከዚያስ?» አለ ረጅሙ። «ፈተና አለብኝ፣ የሩጫ።»

«ከጥቂት ቀን በኋላ ራጅ እናነሳለን። አየሩ እየቀነሰ ከሄደ ቱቦ ሳናስገባ ትድናለህ፤ ስለ ሩጫውም ያኔ እናወራለን። ካልቀነሰ ግን ጎድንህ መሃል ቀድጄ ቱቦ ማስገባት አለብኝ። እንዲያ ከሆነ ይሄ ፈተና ያመልጥሃል። ስለዚህ ማስኩን እንዳታወልቅ፤ ለምግብ ካልሆነ በስተቀር።»

«አላወልቅም» አለ ረጅሙ፤ እንዳለውም አደረገ።

ይህ ሁሉ ሲነገር ዘጊው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ነበር። ከተባለው ሁሉ ጆሮው የያዘው ዘጠና ስድስትን ብቻ ነው። ዓይኑም ከቁጥሯ አልተነሳም። ዘጠና ስድስት ያለው፣ ሾርባ የሚጠጣ፣ ስለ ሩጫ የሚያወራ ሰው ሙሉ ሲሊንደር ሊጨርስበት ነው። ይህቺ ሴትዮ፣ አለ በልቡ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ተምራ ስለ አውቶቡስ ታወራለች። እሱ ግን ከሲሊንደር ጋር ኖሯል፤ ኦክስጅን ለማን እንደሚገባ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። አንድ ሰው አለማወቁን ለማወቅ እንኳን ትንሽ ማወቅ አለበት፤ ዘጊው ያቺን ትንሽም አላገኛትም።

ኮሪደር ላይ ሚስቱ ክንዱን ያዘችው። ትዳር ከመሠረቱ ወዲህ ሰው ባለበት ክንዱን ይዛ አታውቅም።

«አንተ አለህለት» አለችው። «በየሰዓቱ ብቅ እያልክ ታይልኛለህ አይደል?»

«አይዞሽ» አለ ደረቱን ነፋ አድርጎ። «ኦክስጅኑ በኔ እጅ አይደል እንዴ።»

አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ሰው የመቅረብ ልማድ የሌላት ሴት ከጎን አልጋ ያለችውን አስታማሚ ራሷ አናግራ «ባለቤቴ እኮ የኦክስጅኑ ኃላፊ ነው» አለቻት። በባሏ ሥራ የኮራችበት ቀን ቢኖር ያ ነው።

በማግስቱ ዙሩ እንዳለፈ ዘጊው ገባ። ሚስቱ ልብስ ልታመጣ ወደ ቤት ሄዳለች። ረጅሙ ማስኩ ውስጥ ሆኖ በዓይኑ ሳቀለት። ዘጊው ከራስጌው ጀርባ ዞሮ ማዞሪያውን ያዘ። እዚህ ላይ ትንሽ አመነታ ብዬ ብናገርለት ደስ ባለኝ፤ ግን አላመነታም። እንደ ሌላው ሁሉ፣ እንደ ማንም፣ ወደ ታች ጥግ አዞረው። ማስኩ ሽሽሽ ማለቱን ቀጠለ። እንዲያውም ዘመድ አልለይም ብሎ በራሱ ተደሰተ። የሚስቱን ወንድም ደረት ሸጦ ፍትሐዊ ሰው ሆነ።

«ምን አደረግክልኝ ጋሼ?» አለ ረጅሙ ማስኩን በትንሹ ከፍ አድርጎ።

«አስተካከልኩልህ። አታውልቀው፣ መልሰው።»

«እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ረጅሙ ማስኩን መለሰ፤ ላስቲኩንም ከጆሮው ጀርባ ጠበቅ አደረገው።

እንዲያ እያሉ ቀናቱ ሄዱ። ላስቲኩ ጉንጩን እስኪልጠው ድረስ፣ አፉ ደርቆ ከንፈሩ እስኪሰነጠቅ ድረስ ረጅሙ ተራ አየር በማስክ ይተነፍሳል። ለምግብ እንኳ ሲያወልቀው ቶሎ ልመልሰው ብሎ ይዋከባል። ቢያወልቀው ኖሮ ምንም አይቀርበትም ነበር። መስኮት ከፍቶ ቢቀመጥም ያው ነው። እህቱ ከንፈሩን በውሃ በተነከረ ጨርቅ ታብስለታለች። ማታ ቤት ስትገባ ለባሏ ራቱን ሞቅ አድርጋ፣ ከወትሮው የተሻለውን መርጣ ታቀርባለች፤ እሱም ይገባኛል ብሎ ይበላል።

ሁለተኛው ራጅ ሲነሳ አየሩ አልቀነሰም። እንዲያውም ጨምሯል፣ ሳንባው ይበልጥ ተኮማትሯል። ዘጊው ሆስፒታሉ ክበብ ውስጥ ለምሳ እንደተቀመጠ ወሬው ጆሮው ደረሰ። ሌላ ሰው ቢሆን ማንኪያውን ያስቀምጥ ነበር። እሱ አፉ ውስጥ ያለውን ሳይውጥ ማብራራት ጀመረ።

«ነግሬያችኋለሁ» አለ ለላቦራቶሪው ሠራተኛ፣ ምንም ነግሮት ለማያውቀው። «ጋዝ ሳንባ አይዘረጋም። ሲሊንደር ማባከን ነው። እነዚህ ሐኪሞች እኮ መጽሐፍ ብቻ ናቸው።»

ኦክስጅኑን ራሱ ከልክሎ ኦክስጅን አይሠራም ብሎ የመሰከረ ሰው ከእሱ ሌላ አላውቅም። የገረመኝ ደግሞ ሲናገር ከልቡ መሆኑ ነው። ያታለለውን ሰው ሁሉ ሲቆጥር ራሱን ዘሎታል።

ምሳውን ጨርሶ ሊያጽናና ወደ ክፍሉ ሄደ። ሚስቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የወንድሟን እግር በብርድ ልብሱ ላይ ትዳብሳለች። ሐኪሟ ራጁን ይዛ ቆማለች። ከዙር ሰዓት ውጭ ነው የመጣችው። ግራ ገብቷታል፤ ግራ መጋባቷን ሲያይ ዘጊው ልቡ ውስጥ ደስ አለው።

«ማስኩን ታወልቀው ነበር እንዴ?» አለችው ረጅሙን። «እውነቱን ንገረኝ፤ አልቆጣህም።»

«አላወለቅኩም ዶክተር። ለምግብ ብቻ ነው። እህቴን ይጠይቋት።»

«አላወለቀም» አለች እህቱ። «ጉንጩን አይዩት፣ ቆስሏል።»

«እንቅልፍ ላይስ?»

«እንቅልፍም ላይ። ደግሞ ጋሼ በየቀኑ እየመጣ ያስተካክልልኛል» አለ ረጅሙ፣ ዘጊውን በዓይኑ እያመለከተ። «ጠዋት ጠዋት። ከእናንተ በፊትም ይመጣል፣ እናንተ ስትወጡም ይመጣል። እሱ ባይኖር ማን እንዲህ ያይልኝ ነበር።»

ሐኪሟ ቀስ ብላ ዞረች። «ምኑን ነው የሚያስተካክልልህ?»

ረጅሙ ወደ ኋላው ጠቆመ። ሐኪሟ ከራስጌው ጀርባ ጎንበስ ብላ አየች። ጎንበስ እንዳለች ቆየች። ማዞሪያው ታች ጥግ ላይ ነበር። ከዚያ ማዞሪያውን ወደ ላይ ጥግ አዞረችውና ቀና አለች።

«ማን ነው ያወረደው?»

ዘጊው የመካድ ሐሳብ እንኳ አልመጣለትም። እንደዚህ ያለውን ሰው ከሌባ የሚያሳንሰውም ይኸው ነው፤ ሌባ ቢያንስ መስረቁን ያውቃል።

«ዶክተር፣ ዘጠና ስድስት እኮ ነው» አለ፤ ጣቱን ወደ ቁጥሯ ዘርግቶ፣ ልጅ እንደሚያስተምር። «ዘጠና ስድስት ላለው ሰው ያን ሁሉ ኦክስጅን…»

«እኔ ቁጥሩን አይደለም የማክመው» አለች ሐኪሟ። ድምጿ አልጨመረም። «ሳስረዳ እዚያ በር ላይ ቆመው ይሰሙኝ ነበር ብዬ ነበር የማስበው። ናይትሮጅኑን ከደሙ ለማውጣት ነበር ኦክስጅኑን ያዘዝኩት። እርስዎ ይኸን ሁሉ ቀን ናይትሮጅን ሲሰጡት ከረሙ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ጆሮው ገባ። አውቶቡሱ ትዝ አለው። ወደ ቁጥሯ የዘረጋውን ጣቱን ሰበሰበ። ሚስቱን ሊያያት ዞረ። እሷ እሱን አላየችም። የወንድሟን የቆሰለ ጉንጭ ነበር የምታየው፤ ስንት ጊዜ በጨርቅ ያበሰችውን፣ ማስኩን አጥብቀህ ያዝ እያለች ስንት ጊዜ የተቆጣችውን።

«አሁንስ?» አለች ለሐኪሟ። «አሁን ወደ ላይ ካደረጉትስ?»

«አሁን በዝቷል የኔ እናት። በኦክስጅን ብቻ አልጠብቅም። ቱቦ ማስገባት አለብኝ፣ ዛሬውኑ።»

ረጅሙ ስለ ፈተናው አልጠየቀም። ማስኩ ውስጥ ሆኖ ጣሪያውን አየ።

አስተዳደሩ ዘጊውን ወደ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አዛወረው። ምክንያቱን ሲያስረዱ «በሥራ ድልድል» አሉ፤ ያጨበጨቡበትን ስብሰባ ያነሳ የለም። ሚስቱ ቤት ውስጥ አንዲት ቃል አልተናገረችውም። ይህን ዝምታ ግን አድናቆት ብሎ መተርጎም አቃተው። በዚህ መሃል ጉዳዩን በልቡ ሲያገላብጠው ከረመና ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ደረሰበት። ሥልጠናው አጭር ነበር። ሐኪሟም በግልጽ አማርኛ አላስረዳችም። ደግሞስ ሆን ብሎ ነው እንዴ? ለሀገር ሀብት ብሎ ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ ራሱን ይቅር አለና አንድ ከሰዓት በኋላ ብርቱካን ገዝቶ ሊጠይቅ ሄደ።

ረጅሙ ጎኑ ላይ በፕላስተር የታሸገ ቱቦ አለው። ቱቦው መሬት ላይ ወዳለ ጠርሙስ ይወርዳል፤ ሲያስለው ጠርሙሱ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ማስኩም አልተነሳለትም። የፈተናው ቀን አልፏል። እህቱ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ብርቱካኑን አየችና ወደ መስኮቱ ዞረች።

«እንዴት ነህ ታዲያ?» አለ ዘጊው ሳቅ ለማለት እየሞከረ። መልስ ሳይጠብቅ ዓይኑ ልማዱን ተከትሎ ወደ ረጅሙ ጣት ሄደ። ዘጠና ስምንት። «ጎበዝ፣ በጣም ጥሩ ነህ» አለና አንድ እርምጃ ወደ ራስጌው ተጠጋ። ለምን እንደተጠጋ እሱም አያውቅም። ምናልባት ትራሱን ሊያስተካክልለት ይሆናል።

ረጅሙ ክንዱን ከብርድ ልብሱ አወጣ። ቱቦው ባለበት በኩል ነበርና ፊቱ በሕመም ተጨማደደ። እንደምንም ወደ ኋላ ዘርግቶ ማዞሪያውን በመዳፉ ሸፈነው። ጠርሙሱ ቡልቅ አለ። ሕመሙ እስኪበርድለት ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ፤ እጁን ግን አላነሳም።

«ጋሼ፣ ተቀመጥ» አለ ከማስኩ ሥር፣ እንደ ሁልጊዜው በአክብሮት። «እዚያ በሩ ጋ ወንበር አለልህ።»

ዘጊው ሄዶ በሩ ጋ ተቀመጠ። የጠያቂ ሰዓት አልቆ ሰው ሁሉ እስኪወጣ ድረስ ረጅሙ እጁን ከማዞሪያው ላይ አላወረደም።